አባባ፣ ነገ ባስ እንይዛለን

የዛሬ ሁለት ክረምት ነው። ቨርጂኒያ፣ ሴት ልጄ ዘንድ በደረስኩ በሦስተኛው ቀን ማታ፣ የዘጠኝ ዓመቱ የልጅ ልጄ አጠገቤ መጥቶ በተሰባበረ አማርኛው «አባባ፣ ነገ ባስ እንይዛለን» አለኝ። ደስ አለኝ። እናቱና አባቱ እንደ ዕቃ በመኪና ሲያመላልሱኝ ሰልችቶኝ ነበርና፣ እንደ ሰው ተሳፍሬ ከተማውን ላይ ነው ብዬ ዝርዝር ገንዘብ ኪሴ ውስጥ አዘጋጅቼ ተኛሁ። በማግስቱ ገና ሳይነጋ ልጁ የቀሰቀሰኝ ግን ዘንግና መንጠቆ ይዞ ነው። ባስ ለካ ዓሣ ነው።

ይህን ያስታወሰኝ ባለፈው ሳምንት የደረሰኝ ስልክ ነው። የዚህ ዓምድ አንባቢ የሆኑ አንዲት እናት በመጪው ክረምት ሜሪላንድ ወንድ ልጃቸው ዘንድ ሊሄዱ እየተዘጋጁ ነው። የአሥር ዓመቱ የልጅ ልጃቸው ለልደቱ የባስ ማጥመጃ እንዲገዙለት ጠይቋቸዋል። ልጃቸው ከሱቁ ፎቶ አንስቶ ቢልክላቸው፣ ግድግዳ ሙሉ ዘንግ፣ መደርደሪያ ሙሉ ማጠንጠኛ፣ በዚያ ላይ በየቀለሙ ክር ሆነባቸው። «እርስዎ እዚያ ሄደው ማጥመድዎን ጽፈው ነበር፤ ምኑን ልግዛ?» አሉኝ። ተጣድፌ ስለመለስኩላቸው መልሴ እኔን ራሴን አላረካኝም። ክረምቱን እዚያ የሚያሳልፉ አያቶች ብዙ ስለሆኑ፣ ዛሬ በሰፊው ልጻፈው። አዋቂ ነኝ ብዬ አይደለም። ሊሳሳቱ ከሚችሉት ውስጥ አብዛኛውን እኔ ቀድሜ ስለተሳሳትኩት ነው።

ያደግኩት ሐዋሳ ነው። ልጅ ሳለን ማጥመጃችን ባዶ ቆርቆሮ ላይ የተጠመጠመ ናይለን ክር፣ አንድ መንጠቆና ከጭቃ የተቆፈረ ትል ነበር። ክሩን አዙረን እንወረውራለን፤ ዓሣው ሲነካ በእጃችን እንጎትታለን። ቆሮሶ ሲሆን ይመጣል፤ አምባዛ ሲሆን እጃችንን ልጦ ይመጣል። ስለዚህ ዓሣ ማጥመድ ለእኔ አዲስ ነገር አይደለም ብዬ ኮራሁ። ጉድ የሠራኝም ይኸው ኩራቴ ነው።

በመጀመሪያ ዓሣውን ልንገራችሁ፤ ዓሣውን ያላወቀ ዕቃውን አይመርጥም። በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ሐይቆች፣ በፖቶማክ ወንዝም ጭምር ልጆች የሚያልሙት አፈ ትልቁን ባስ ነው። ጀርባው አረንጓዴ ነው፤ ጎኑ ላይ ከጭንቅላቱ እስከ ጭራው የሚሄድ ጠቆር ያለ መስመር አለው። ስሙ እንደሚለው አፉ ከአካሉ ጋር ሲተያይ የሚያስደነግጥ ነው። ሲንከራተት የሚውል ዓይነት አይደለም። ከወደቀ ግንድ ሥር፣ ከውኃ ሣር መሃል፣ ከእንጨት መቆሚያው ጥላ ሥር አድፍጦ ይቆይና ትንሽ ዓሣ ወይም እንቁራሪት ሲያልፍበት በአንዴ ዘሎ ይውጣል። የተያዘ እንደሆነ ደግሞ ወደዚያው ወደ ግንዱና ወደ ሣሩ ነው የሚሸሸው። ዘንጉም፣ ማጠንጠኛውም፣ ክሩም የሚመረጡት ለዚህ ጠባዩ ነው።

እኛ የሄድነው በርክ ሐይቅ ነው፤ ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ያለ 218 ኤከር የሚሆን፣ ዙሪያው በደን የተከበበ ሐይቅ ነው። ልጆች የሚሳፈሩበት ትንሽ ባቡርና አይስክሬም መሸጫም አለው። ዓሣ እምቢ ያለ ቀን እነዚህ ሁለቱ ከብዙ ለቅሶ ያድናሉ።

አሁን ወደ ማጠንጠኛው። አሜሪካኖቹ ሪል ይሉታል፤ እኔ ግን እናቴ ፈትሏን የምታጠነጥንበትን ስለሚያስታውሰኝ ማጠንጠኛ እለዋለሁ። ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው ፊቱ ክዳን ያለው ነው፤ በአውራ ጣት የሚጫን ቁልፍ አለው፤ ተጭነህ፣ ወርውረህ፣ ትለቃለህ። ሁለተኛው ከዘንጉ ሥር የሚንጠለጠለው ስፒኒንግ የሚባለው ነው፤ ክሩ የተጠቀለለበት ቀሰም አይዞርም፤ ቀለበት የመሰለውን ሽቦ ስትከፍቱለት ክሩ በቀሰሙ ጫፍ በኩል እየተፈታ ይወጣል። ሦስተኛው ከዘንጉ በላይ የሚቀመጠው ቤይትካስተር ነው፤ እዚህኛው ላይ ስትወረውሩ ቀሰሙ ራሱ ይሽከረከራል።

አማቼ ለልጁ ቀድሞ የገዛለት ክዳን ያለውን ነው። ሳየው መጫወቻ መሰለኝ። በኋላ ሳነብ ግን አፈርኩ። ያንን ዓይነት ማጠንጠኛ ለሰፊው ሕዝብ ያደረሰው ዜብኮ የተባለው ድርጅት ሲሆን፣ ኦክላሆማ ውስጥ ለነዳጅ ጉድጓድ የሚሆን ፈንጂ ይሠራ የነበረ ፋብሪካ ነው። ሐሳቡን ይዞላቸው የመጣው አር ዲ ሀል የሚባል የቴክሳስ ሰዓት ሠሪ ነበር። የሸቀጥ ሱቅ ሠራተኛ ዕቃ ሊያስር ካልዞረ ጥቅል ላይ ሲባጎ በቀላሉ ሲስብ አይቶ ነው ይባላል ሐሳቡ የመጣለት። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1949 ወጣ። የሚገርመው፣ ከዚያ በፊት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ፣ የቤይትካስተሩን አያት የሠራው ጆርጅ ስናይደርም ሰዓት ሠሪ ነበር፤ የኬንታኪዋ ፓሪስ ነዋሪ፣ የፈረንሳይዋ አይደለችም። ሰዓት ሠሪ ሁለት ጊዜ የደከመበትን ዕቃ እኔ መጫወቻ ብዬ ናቅሁት።

ሱቅ ሄጄም ቤይትካስተሩን ገዛሁ። ያብረቀርቃል፤ ሲዞር ድምፁ እንደ ቅቤ ነው፤ ዋጋውም «ለልጅ ልጄ አልሰሰትኩም» ለማለት ይበቃል። ሐይቁ ዳር ደርሰን ልጁ ወረወረ። ማባበያው ሦስት ሜትር ሄዶ ጧ ብሎ ወደቀ፤ ቀሰሙ ግን መሽከርከሩን አላቆመም። ክሩ በራሱ ላይ እየተተፋ ውሉ የጠፋ ልቃቂት ሆነ። አርባ ደቂቃ ስፈታ ቆየሁ። ድጋሚ ወረወረ፤ ድጋሚ ያው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ማባበያው አየር ላይ እየዘገየ ሲሄድ ቀሰሙን በአውራ ጣት እየነኩ ማዘግየት ያስፈልጋል፤ ያ ደግሞ የወራት ልምምድ ነው። ከባድ ማባበያ ወደ ጥቅጥቅ ሣር ለሚወረውር፣ ጣቱ ለለመደለት ሰው ከዚህ የተሻለ የለም። ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ግን ቅጣት ነው። ከጎናችን የቆመ ሰውዬ ትዕግሥቱ አልቆ ነው መሰለኝ መጥቶ የራሱን ስፒኒንግ ለልጁ አስያዘው። በሁለተኛው ውርወራ ሃያ ሜትር ሄደ። ልጁ ዞሮ አየኝ፤ እኔ ቋጠሮ መፍታቴን ቀጠልኩ።

ስለዚህ የእኔ ምክር፦ ከስምንት ዓመት በታች ላለ ልጅ ክዳን ያለው፤ ከዚያ በላይ ላለ ስፒኒንግ። ስፒኒንጉ ላይ መጠኑ በቁጥር ተጽፏል፤ ለባስ 2000 ወይም 2500 የሚለው ለልጅ እጅ አይከብድም። የሚዞረው እጀታ በአብዛኞቹ ላይ ተነቅሎ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ይገጠማል። ቀኝ እጁን የሚቀናው ልጅ በቀኙ ወርውሮ በግራው ቢያጠነጥን ዘንግ ከእጅ ወደ እጅ ማቀያየር አይኖርበትም። ደግሞ ስፒኒንግ ከዘንጉ በታች ነው የሚንጠለጠለው፤ በላይ በኩል አድርጎ ወደ ኋላ የሚያሽከረክር ካያችሁ ልጁን አትሳቁበት፤ ይህ ጸሐፊ ግማሽ ቀን እንዲያ አድርጓል።

ዘንግ ቀላል ነው፤ ብዙ አልቆይበትም። ከመያዣው ከፍ ብሎ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን መነጽር አድርጋችሁ አንብቡ። ርዝመቱ በጫማ፣ ጥንካሬው (ላይት፣ ሚድየም፣ ሄቪ)፣ የሚሸከመው ክር በፓውንድ፣ የሚወረውረው ማባበያ በአውንስ ተጽፏል። አዋቂ ከ6 እስከ 7 ጫማ ይይዛል፤ እኛ ለልጁ የገዛነው 5 ጫማ ከግማሽ፣ ሚድየም፣ ከ6 እስከ 12 ፓውንድ ክር የሚል ነው። ግራፋይት የሚባለው ቀላልና ዓሣው ሲነካ ቶሎ የሚያሳውቅ ነው፤ ነገር ግን ድንጋይ ላይ ሲወድቅ ይሰነጠቃል። ፋይበርግላስ ትንሽ ይከብዳል፤ ይለመጣል እንጂ በቀላሉ አይሰበርም። ለልጅ ፋይበርግላሱ ወይም ድብልቁ ይሻላል። ዘንግ ገዳይ ደግሞ ዓሣ አይደለም፤ የመኪና በር ነው።

ሱቅ ውስጥ ሻጩ ከበድ ያለውን ሲያሳያችሁ ልባችሁ ትልቁን ዓሣ ያስባል። የዓለም ክብረ ወሰን የሆነውን አፈ ትልቅ ባስ ጆርጅ ፔሪ የሚባል ወጣት ጆርጂያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1932 ነው የያዘው፤ 22 ፓውንድ ከ4 አውንስ፣ በእኛ አሥር ኪሎ ገደማ። ጊዜው የችግር ጊዜ ስለነበር ዓሣው ተመዝኖ ወደ ቤት ሄዶ ተበላ። ከዚያ በኋላ እኩል ሊባል የቻለ የተገኘው ከ77 ዓመት በኋላ፣ በ2009፣ ጃፓን ቢዋ ሐይቅ ላይ ነው። እንግዲህ የእናንተ ልጅ ቅዳሜ ጠዋት የሚያገኘው ግማሽ ኪሎ፣ ቢበዛ አንድ ኪሎ ነው። ለእሱ የሚበቃ ዘንግ ግዙ። ቀላል ዘንግ ላይ ትንሹም ዓሣ ትልቅ ሆኖ ይሰማል፤ ከበድ ባለ ዘንግ ላይ ልጁ ዓሣ መያዙንም ላያውቅ ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስኩ፤ ክሩ።

ቤይትካስተሩን አስቀምጬ ስፒኒንግ ስገዛ ገንዘቤ ስለሳሳ፣ ሻጩ አዲስ ክር ልጨምር ሲለኝ እምቢ አልኩ። አማቼ ጋራዥ ውስጥ፣ መስኮቱ ላይ፣ ግማሹ ያለቀ ትልቅ ጥቅል ክር አይቼ ነበር። «ይህ እያለ ምን ያስገዛል?» አልኩ። እዚህ አገር ያደገ ሰው ደህና ክር አይጥልም። ጠቀለልኩት፤ ሄድን።

ለሁለት ቀን ምንም አልሆነም፤ የያዝናቸውም መዳፍ የሚያክሉ ብሉጊል የሚባሉ ዓሦች ነበሩ። በሦስተኛው ቀን ፀሐይ ገና ከዛፎቹ በላይ ሳትወጣ፣ ልጁ የላስቲክ ትሉን ከወደቀ ግንድ አጠገብ ጣለ። ክሩ ወደ ጎን መሄድ ጀመረ። ዘንጉ ጎበጠ። ውኃው ፈነዳና ዓሣው ሙሉ አካሉ ወጥቶ ታየን፤ ከልጁ ክንድ ይረዝማል። ማጠንጠኛው እየጮኸ ክር መልቀቅ ጀመረ። እኔ ያ ድምፅ የብልሽት መሰለኝ። ሐዋሳ ላይ ክር አይለቀቅም፤ ይጎተታል። «ያዝ! አጥብቀህ ያዝ! ጎትት!» እያልኩ ጎንበስ ብዬ ከቀሰሙ ፊት ያለውን ጉጥ እስከ መጨረሻው አጠበቅሁት። ጩኸቱ ቆመ። ወዲያው ጠቅ አለና ዘንጉ ቀና አለ።

ልጁ ወደ ውኃው አላየም፤ ወደ እኔ ነው ያየው። ባቡሩም አይስክሬሙም አልጠቀመም። ቤት እስክንደርስ አንድ ቃል አልተናገረም።

ማታ የተበጠሰውን ጫፍ መብራት ሥር አየሁት። የክር ጫፍ ይናገራል። እንደ አሳማ ጅራት ተጠቅልሎ ከሆነ ቋጠሮው ሾልኳል ማለት ነው። ተፋፍቆና ፀጉር አውጥቶ ከሆነ ድንጋይ ወይም ግንድ ፈግፍጎታል። የእኛው በንጹሕ ተቆርጧል፤ ከአቅሙ በላይ ተስቧል ማለት ነው። ከጥቅሉ ላይ አንድ ክንድ ያህል ወስጄ በሁለት እጄ ብስበው እንደ ስፌት ክር ተበጠሰ። ማሸጊያው ላይ ግን 8 ፓውንድ ይላል። ፀሐይና ሙቀት ናይለን ይበላሉ፤ ያ ጥቅል መስኮት ላይ ሁለት በጋ ከርሟል። እኔም የቀረችውን አቅም ፍሬኑን በማጥበቅ ጨረስኳት።

በማግስቱ ቁርስ ላይ እናቱን አስተርጓሚ አድርጌ «ዓሣው የጠፋው በእኔ ጥፋት ነው፤ አንተ ምንም አላጠፋህም» አልኩት። ትንሽ አሰበና በእንግሊዝኛ አንድ ነገር አላት። «ሁለቱንም ነው ያጠፋኸው ወይ? ክሩንም ጉጡንም? እያለ ነው አባዬ» አለችኝ። ሁለቱንም፣ አልኩ። ይህ ሳያስቀው አልቀረም።

ክር ሦስት ዓይነት መሆኑን የተማርኩት ያኔ ነው። ሞኖ የሚባለው ነጠላ የናይለን ክር ነው፤ ይለጠጣል፤ ልጅ በድንገት ሲጎትት መለጠጡ ያድነዋል፤ ርካሽ ነው፤ ቋጠሮ ይይዛል። ጉድለቱ ቀሰም ላይ ሲቆይ እንደ ድሮ ስልክ ገመድ መጠቅለሉና ቶሎ ማርጀቱ ነው። ፍሎሮካርቦን ይሰምጣል፣ ውኃ ውስጥ ብዙም አይታይም፣ መፈግፈግን ይችላል፤ ግን ደረቅና ውድ ነው። የተጎነጎነው ክር፣ ብሬድ የሚሉት፣ ለውፍረቱ የማይታመን ጥንካሬ አለው፤ ጭራሽ አይለጠጥም፤ ከሣር መሃል ጎትቶ ያወጣል። ነገር ግን እጅ ላይ ጠምጥመው ቢስቡት ሥጋ ይቆርጣል። ከሥሩ ጥቂት ሞኖ ካልተጠቀለለለትም ለስላሳ ስለሆነ ቀሰሙ ላይ ይንሸራተታል። ለልጅ ሞኖ፣ 8 ፓውንድ፤ ቦታው ሣር የበዛበት ከሆነ 10። በየዓመቱ ይቀየር። ከሁሉም ዕቃ ርካሹ ክሩ ነው፤ በልጁና በዓሣው መካከል ያለውም እሱ ብቻ ነው። እኔ ግን ለሚያብረቀርቀው ከፍዬ በክሩ ቆጠብኩ።

አዲሱን ክር ስንጠቀልል እኔም ለአንድ ነገር ጠቀምኩ። ክር ላልቶ ከተጠቀለለ በውርወራ ጊዜ ከሥር ያለው ተግበስብሶ ይወጣል። እርጥብ ጨርቅ በሁለት ጣቴ መካከል አድርጌ ክሩን በዚያ ውስጥ አሳለፍኩ፤ ልጁ በዝግታ አጠነጠነ። እናቴ ፈትሏን ስታጠነጥን ልቃቂቱን የምይዝላት እኔ ነበርኩ፤ ስንት ያህል መያዝ እንዳለበት ጣቴ አልረሳውም። ጥቅሉን መሬት ላይ በጎኑ አስተኝተን ክሩ በአንድ አቅጣጫ እየተፈታ በዚያው አቅጣጫ ቀሰሙ ላይ እንዲገባ አደረግን፤ አንድ አሥር ዙር ከጠቀለላችሁ በኋላ ክሩን አላሉት፤ ከተጠማዘዘ ጥቅሉን ገልብጡት። ቀሰሙን እስከ ከንፈሩ አትሙሉት፤ ሦስት ሚሊሜትር ያህል ይቅር። ከወረወራችሁ በኋላም ሽቦዋን በእጅ ዝጉ እንጂ እጀታውን በማዞር አትዝጉ፤ ብዙው መጠማዘዝ የሚመጣው ከዚያ ነው።

ከዚያ ፍሬኑ። ድራግ ይሉታል። ስፒኒንግ ላይ ከቀሰሙ ፊት ያለው ጉጥ ነው፤ ዓሣው በኃይል ሲስብ ክር እንዲለቅ የሚያደርገው እሱ ነው። ልኩ ከክሩ አቅም ሩብ ያህል ነው። ለ8 ፓውንድ ክር 2 ፓውንድ፤ ማለትም አንድ ኪሎ ሊሞላ ጥቂት የቀረው። ሚዛን አልነበረንም። ልጄ ወጥ ቤት ግን ከአዲስ አበባ የወሰድኩላት ሽሮ አንድ አንድ ኪሎ ሆኖ ታሽጎ ተደርድሯል። አንዱን በፌስታል አድርጌ ክሩ ጫፍ ላይ አሰርኩት፤ ልጁ ማጠንጠኛውን ይዞ ቀጥታ ወደ ላይ ለማንሳት ሞከረ። ሽሮው ከወለሉ ተነስቶ ከተንጠለጠለ ጠብቋል፤ ትንሽ ማላላት ነው። ሳይነሳ ክሩ እየተለቀቀ ከቀረ ላልቷል። ለመነሳት እየዳዳው ክሩ በዝግታ ቸር ቸር ሲል ልክ ነው። ይህን ለመሥራት ወጥ ቤት ውስጥ አንድ ሰዓት ፈጀን፤ ልጄ ሽሮዬን ታፈሱታላችሁ እያለች ትጮሃለች። ልጁ «ሽሮ» የሚለውን ቃል ከዚያ በፊትም ያውቃል፤ «ላላ» እና «ጠበቀ» የሚሉትን ግን ያን ቀን ነው የያዛቸው።

ቋጠሮ አንድ ይበቃችኋል። ክሩን አንድ ስንዝር ያህል አጥፋችሁ እጥፉን በመንጠቆው ቀዳዳ አሳልፉ። ባጠፋችሁት ድርብ ክር ተራ ቋጠሮ ቋጥሩ፤ አታጥብቁት። መንጠቆውን በሙሉ በእጥፉ ዓይን ውስጥ አሳልፉ። ከዚያ በምራቃችሁ አርጥባችሁ ሳቡ። ማርጠቡን አትርሱ፤ ደረቅ ክር ሲጠብቅ በፍትጊያ ይሞቅና ልክ ቋጠሮው ላይ ይደክማል። ግንድ ይዟችሁ ካስለቀቃችሁ ደግሞ የመጨረሻውን አንድ ሜትር በጣታችሁ ዳስሱት፤ ከሻከረ ቁረጡና እንደገና ቋጥሩ። ዘንጉ ላይ ያሉትን ቀለበቶች በባዘቶ ፈትሿቸው፤ ጥጡን አሳልፋችሁ ስትስቡ ጭረት ካለ ይይዘዋል፤ ያ ቀለበት አዲስ ክርም ይቆርጣል።

ልጁ መነጽርና ኮፍያ ያድርግ፤ መንጠቆ ወደ ኋላም ይበራል። መንጠቆው ላይ ያለችውን እሾህ በጉጠት ጨፍልቋት፤ ከዓሣውም ከጣትም በቀላሉ ይወጣል። ነጎድጓድ ከሰማችሁ ዘንጉን አስቀምጣችሁ ግቡ፤ ግራፋይት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ቨርጂኒያ ውስጥ ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ ፈቃድ አያስፈልገውም፤ እኔ ግን እንግዳም ብሆን ማውጣት ነበረብኝ። የተቆረጠ ክር ውኃ ዳር አትጣሉ፤ የወፍ እግር ላይ ይጠመጠማል። እኛ ሐዋሳ ልጅ ሳለን ይህን የነገረን አልነበረም፤ አሞራ ገደል ዳር ስንት ጥለናል።

ከመመለሴ አራት ቀን በፊት እንደገና ወደዚያው ግንድ ሄድን። ፀሐይ ሳትወጣ ነበር። በሦስተኛው ውርወራ ዘንጉ ጎበጠ፤ ማጠንጠኛው ጮኸ። እጄን ወደ ኋላዬ አድርጌ አንዱን በአንዱ ያዝኩት። ዓሣው ወደ ግንዱ ሮጠ፤ ክሩ ወጣ፤ ወጣ፤ ከዚያ ቆመ። ልጁ ዘንጉን ቀና አድርጎ ጥቂት አጠነጠነ። ዓሣው ደግሞ ሮጠ። «ይላላ?» አለኝ ሳይዞር። «ልክ ነው፣ ተወው» አልኩት። እግራችን ሥር ሲደርስ የታችኛ ከንፈሩን በአውራ ጣቱና በጠቋሚው ይዞ አነሳው፤ ባስ ሲያዝ እንዲያ ነው የሚያዘው። ኪሎም አይሞላ። የመጀመሪያውን አንድ አራተኛ ቢያክል ነው። ፎቶ ተነሳና ወደ ውኃው መለሰው። እዚያ ብዙዎቹ እንዲያ ያደርጋሉ። እኔ በጥብሱ ብከራከር ደስ ይለኝ ነበር፤ ነገር ግን ፍልሰታ ገብቶ ስለነበር፣ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር አሜሪካ ድረስ ወስጄ አልጀምርም ብዬ ተውኩት።

እንግዲህ እህቴ፣ ለጥያቄዎ መልሱ ይኸው ነው፦ 5 ጫማ ከግማሽ ወይም 6 ጫማ ሚድየም ዘንግ፣ 2000 ወይም 2500 ስፒኒንግ። ሁለቱ አንድ ላይ ተገጥመው የሚሸጡ አሉ፤ መካከለኛ ዋጋ ያለውን ይውሰዱ። ተጠቅልሎበት የሚመጣ ክር ካለም መቼ እንደተጠቀለለ አይታወቅምና ይፍቱት። አዲስ 8 ፓውንድ ሞኖ፣ ጥቂት መንጠቆ፣ አንድ ከረጢት የላስቲክ ትል፣ ጉጠት። ቤይትካስተር ካማረዎት የእኔው ጋራዡ ውስጥ አለ፤ ቋጠሮው አሁንም አልተፈታም። ሽሮውን ግን ሲያሽጉ አንድ አንድ ኪሎ አድርገው ያሽጉት።